የግቢ ኩሬን ውኃ ስለሚያናፍሱ ተክሎች አመራረጥና አጠባበቅ

ዓሣ መኖሪያው ውኃ ነው፤ ሕይወቱ ግን እንደ ሰውና እንደ ከብት ሁሉ በአየር ነው። በውኃው ውስጥ የሟሟውን፣ ኦክሲጅን የሚባለውን አየር በስንጥቡ እየሳበ ይኖራል፤ ይህ አየር ሲያንስበትም በሞላ ውኃ መካከል ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ በግቢው የዓሣ ኩሬ ያስቆፈረ ሰው ሁሉ የዓሣውን መኖ ከማሰቡ በፊት የውኃውን ትንፋሽ ሊያስብ ይገባዋል።

በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች እንደምታውቁት፣ በቆላው አገራችን በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ግቢ ትንሽ ኩሬ አስቆፍሮ ጥቂት ዓሣ ማኖር የሚወድ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለቤተ ሰብ ምግብ፣ ለዓይን ዕረፍት፣ ለጓሮ አትክልትም ውኃ ይሆናል። ነገር ግን በኩሬው ውስጥ የሚኖረው ተክል በማስተዋል ካልተመረጠ መጀመሪያ ዓሣውን፣ ኋላም ወንዙን ይጎዳል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ይህን ለማስረዳት ነው፤ ጸሐፊውም የሚናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ጥፋት ጭምር ተምሮ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከራሴ ጥፋት የተማርሁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ምክንያት ወደ ጋምቤላ ሄጄ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ ተቀመጥሁ። የአገሩ ሙቀት ለደገኛ ሰው የሚከብድ ስለሆነ፣ ከማንጎ ዛፉ ጥላ አጠገብ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ አስቆፈርሁ። ከዓሣ አጥማጆችም በሕይወት የተያዙ 20 ቆሮሶዎች ገዝቼ ጨመርሁበት። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን ተክል ንጹሕ አየር ይሰጣል ብለው ያስተማሩን ትዝ አለኝና፣ ተክሉ በበዛ መጠን አየሩም ይበዛል ብዬ፣ ከረግረግ የተለቀመ የውኃ ውስጥ ሣር በጆንያ እያስመጣሁ ኩሬውን እስከ አፉ ሞላሁት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ከቅጠሉ ሁሉ ጥቃቅን አረፋ እንደ ዶቃ እየተሰካካ ወደ ላይ ሲወጣ አይቼ በሥራዬ ተደሰትሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰማዩ ሁለት ቀን ሙሉ ደምኖ ዋለ። በሁለተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ከኩሬው የሚጥ የሚጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፋኖስ ይዤ ብወጣ ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ወደ ውኃው ፊት አውጥተው ይተነፍሳሉ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ቆሜ ነጋ፤ ፀሐይ ስትወጣም 14ቱ ሞተው ተንሳፈፉ።

ጎረቤቶቼ መርዝ የጣለብህ ሰው አለ አሉኝ። መርዙን የጣልሁት ግን እኔው ነበርሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን ያልተማረ ሰው ይተቻል፤ እኔም ተክል አየር ይሰጣል የሚለውን ንባብ ይዤ፣ መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚወስድ የሚናገረውን ትርጓሜ አልተማርሁም ነበር።

ተክል በቀን ይሰጣል፤ በሌሊት ይወስዳል

ትርጓሜው ይህ ነው። በ1779 ያን ኢንገንሁስ የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ሐኪም ቅጠሎችን በውኃ ውስጥ አድርጎ ከመረመረ በኋላ፣ ተክል ንጹሑን አየር የሚያወጣው አረንጓዴው ክፍሉ ብርሃን ባገኘ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን እንደ እንስሳ አየርን እንደሚያበላሽ አስታወቀ። የኋላ ሊቃውንትም ነገሩን አብራርተውታል። ተክል በፀሐይ ብርሃን ኃይል የተቃጠለ አየር የሚባለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃ ጋር አዋሕዶ ምግቡን ሲያበጅ ኦክሲጅን ይተርፈዋል፤ የተረፈውንም ወደ ውኃው ይለቀዋል። መተንፈሱ ግን ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም። ፀሐይ ስትጠልቅ መስጠቱ ይቀራል፤ መውሰዱ ይቀጥላል።

ስለዚህ በአንድ ኩሬ ውስጥ ኦክሲጅን የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ እጅግ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሌሊቱን ዓሣው፣ ተክሉ፣ የውኃ ሽበቱ፣ በጭቃው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳትም ሁሉ ከአንድ ማድጋ እንደሚጠጡ ሰዎች ያንኑ አየር ሲካፈሉ ያድራሉ። ቀኑ ደመና ሆኖ የዋለ እንደ ሆነም ማድጋው ሳይሞላ ይመሻል።

በቆላ አገር ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው አየር ያንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ከአየር ስቦ የሚይዘው ኦክሲጅን 9 ሚሊግራም ያህል ነው፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን 7 ሚሊግራም ተኩል ያህል ብቻ ይይዛል። ዓሣውም በሙቀት ጊዜ ሰውነቱ ስለሚፋጠን የሚሻው አየር ይጨምራል። እንግዲህ እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት አገር የማድጋው አፍ ጠባብ፣ የጠጪው ጥም ግን ብዙ ነው።

በዚህ ነገር አምባዛ ሰውን ያታልላል። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከላይኛው አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው፣ ቆሮሶው በሚያልቅበት ኩሬ ውስጥ ሳይሞት ይገኛል። ስለዚህ አምባዛው ደኅና ነውና ውኃው ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ሊመረጡ የሚገባቸው ተክሎች

ውኃን የሚያናፍስ ተክል ማለት ቅጠሉ በውኃው ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ተክል ነው፤ ኦክሲጅኑን የሚለቀው ለውኃው ነውና። ቅጠሉን በውኃው ፊት ላይ ዘርግቶ የሚንሳፈፈው ግን አየሩን ለሰማይ ሰጥቶ ለውኃው ጥላ ብቻ ይጥላል። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የምርጫውን ዋና ነገር ይዟል።

ከአገራችን ሐይቆችና ረግረጎች ከሚገኙት መካከል ሦስቱ ለዚህ ሥራ የተመሰከረላቸው ናቸው። ሦስቱም በአማርኛ የታወቀ የየብቻ ስም ስለሌላቸው በሳይንስ ስማቸው እንጠራቸዋለን።

1. ሴራቶፊሉም። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ በግንዱ ዙሪያ ደረጃ በደረጃ የተሰካ፣ ሲዳሰስ ሻከር የሚል ነው። እውነተኛ ሥር ስለሌለው መተከል አያሻውም፤ በድንጋይ አስሮ ማጥለቅ ይበቃል። ምግቡን በቅጠሉ ከውኃው ስለሚስብ የዓሣ ኩስ ያመጣውን ትርፍ ማዳበሪያ ያነሣል፤ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው የውኃ ሽበትም ምግቡን ተሻምቶት ይቀጭጫል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ነገር ግን ቁራጩ ሁሉ ተክል ስለሚሆን በሙቀት አገር ፈጥኖ ይበዛል፤ ቸል ሊሉት አይገባም።

2. ቫሊስኔሪያ። ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ የረዘመ ሲሆን በጭቃ ውስጥ ሥር ሰድዶ፣ ከእናቲቱ ወደ ጎን በሚዘረጋ ሐረግ ይራባል። የኩሬውን ወለል አጥብቆ ስለሚይዝ ጭቃው እንዳይደፈርስ ይረዳል።

3. ፖታሞጌቶን። ይህም ሥሩ በጭቃ፣ ቅጠሉ በውኃ ውስጥ የሚኖር ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለትንሽ ኩሬ ቅጠለ ቀጫጭኑ ይሻላል።

ከእነዚህ ጋር ለጥላ የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ሥር ኒምፌያ ቢጨመር መልካም ነው። ይህ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ በውኃው ፊት የሚነጠፍ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ አበባ የሚያብብ የአገራችን ተክል ነው። አየር ለመስጠት ሳይሆን የቀትሩን ፀሐይ ለማብረድ ያገለግላል። የውኃውን ፊት ከግማሽ በላይ እንዲሸፍን ግን አይፈቀድለት።

ተክሉን ለማግኘት ብሎ ወደ ባሮ ዳር የሚወርድ ሰው ስለ አዞ ሊነገረው ይገባል። በደንብ ከሚያውቁት አጥማጆች ጋር፣ ጥልቀት ከሌለው ውኃ፣ በጠራራ ብርሃን ይለቀም እንጂ ማንም ብቻውን አይግባ። ቀንድ አውጣ ከዚህ ተክል ጋር አብሮ ይመጣልና፣ ከቀንድ አውጣዎቹም አንዳንዱ ዓይነት የብልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ነውና፣ የተለቀመው ተክል በሳፋ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ በየሁለት ቀኑም ይታጠብ። በቅጠሉ ሥር የተለጠፈው እንደ ሙጫ የሚያንጸባርቅ ነገር የቀንድ አውጣ እንቁላል ስለሆነ በጣት ተፍቆ ይጣል። ወደ ኩሬው የሚገባ ሠራተኛም ቦት ጫማ ያድርግ።

ከቶ ሊገባ ስለማይገባው

ከዓሦቼ ሞት በኋላ ኩሬዬን አጽድቼ እንደገና ስጀምር አንድ ወዳጄ ከሄደበት አገር ሲመለስ በባልዲ ውስጥ አንድ ተክል አመጣልኝ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ የቅጠሉ እጀታ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ በመካከሉ የፒኮክ ላባ የሚመስል ቢጫ ነጥብ ያለበት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ያማረ የውኃ አበባ አላየሁም ነበር። በገንዳ አድርጌ ለእንግዳ ሁሉ አሳይ ጀመር።

ከጎረቤቶቼ አንዱ ዕድሜያቸውን በዓሣ ማጥመድ ያሳለፉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ማታ ሊጠይቁኝ መጥተው ገንዳውን አዩና ዝም አሉ።

«አባባ፣ አበባውን አልወደዱትም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ አበባው መልካም ነው» አሉኝ። «እኔ ግን የማውቀው በአበባው አይደለም፤ በመረቤ ነው። መረቤን ጠቅልሎ ወስዶብኛል፤ ታንኳዬንም ይዞ አሳድሮብኛል። አንተ በገንዳ አስቀምጠኸዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ገንዳህም ወንዝ ይሆናል።»

ተክሉ እምቦጭ ነበር። በዚያው ሌሊት አውጥቼ ከውኃ በራቀ ደረቅ ስፍራ ዘረጋሁት፤ ከደረቀም በኋላ አቃጠልሁት። በነሐሴ ባሮ ሞልቶ የክረምቱ ውኃ በጓሮዬ በኩል ሲመጣ ኩሬዬን ከጎርፉ ጋር ቀላቀለው፤ ሦስት ቆሮሶዎችም ይዞ ሄደ። ከዓሦቹ ይልቅ ያስደነገጠኝ ያ ገንዳ በስፍራው ቢሆን ኖሮ ምን ይዞ ይሄድ እንደ ነበር ማሰቤ ነው።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አገር ተክል ነው። ባሕር ተሻግሮ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የገባው በራሱ እግር ሳይሆን፣ ሰዎች ለአበባው ውበት በአትክልት ቦታ ኩሬ ለማኖር እየተቀባበሉት ነው። በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ በ1958 ታየ። በአገራችን መታየቱ የተገለጸው በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ በጋምቤላ በኩልም በባሮ፣ በጊሎ፣ በፒቦርና በሶባት ወንዞች መኖሩ ተመዝግቧል። በጣና ሐይቅ በ2011 ከታየ ወዲህ የዳር አገር ገበሬ በሺሕ እየተሰበሰበ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በውኃው ፊት ላይ እንደ ምንጣፍ ሲነጠፍ ከሥሩ ላለው ውኃ ብርሃንንም አየርንም ይከለክላል። ዓሣ ለማናፈስ ተብሎ የመጣው ተክል ዓሣ የሚያፍን ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ባሮ ደግሞ የአንድ ወረዳ ውኃ ብቻ አይደለም። ከፒቦር ጋር ተጋጥሞ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይገባል። በ1904 የንግድ ጣቢያ በጋምቤላ ከተቋቋመ በኋላ የክረምቱን ሙላት እየጠበቁ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ለብዙ ዓመታት የተመላለሱበት በዚሁ መንገድ ነበር። መርከብ ያሳለፈ መንገድ አረምም ያሳልፋል።

ፒስቲያ የሚባለው የተከፈተ ጥቅል ጎመን የመሰለው ተንሳፋፊና፣ እንደ ምስር የደቀቀው አዞላም በኩሬ ፊት ላይ ከተለቀቁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚሸፍኑት አይመረጡም። ከውጭ አገር የሚመጣውን ኤሎዴያንም መሻት አያስፈልግም። ይህ የሰሜን አሜሪካ ተክል ከ1840ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ቦዮችን እስከ መዝጋት ደርሷል፤ ይህንም ሁሉ ያደረገው ዘር ሳይዘራ፣ በቁራጩ ብቻ እየተባዛ ነው። የአገራችን ውኃ የሚበቃውን ተክል ሲያበቅል የሰው አገር መለመን አግባብ አይሆንም።

አተካከልና አጠባበቅ

የተመረጠውን ተክል በመጠን ማስገባት ያስፈልጋል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ወይም ሦስት እስር አግብቶ አንድ ወር መመልከት፣ እንደ እድገቱም መጨመር ወይም መቀነስ ይገባል። ቆሮሶ ለስላሳ ተክል ስለሚበላ፣ አምባዛም ጭቃ ስለሚቆፍር፣ ተክሉ እስኪጸና ድረስ በሽቦ ወይም በቀርከሃ ቅርጫት ይከለል። ኩሬው በቀን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ ከማንጎ ዛፍ ግን ይራቅ። የእኔ ሁለተኛ ጥፋት ይህ ነበር፤ የረገፈው ቅጠልና የወደቀው ፍሬ በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ለዓሣው የታሰበውን አየር ይበላዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ የሲሶ ሕግ ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ተክል የኩሬውን ሲሶ ይያዝ፤ ሁለቱ እጅ ለዓሣ ይቅር። ከዚህ ሲያልፍ በረጅም እንጨት እየጠቀለሉ ማውጣት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ማውጣት ግን ውኃውን ስለሚያናውጠውና የውኃ ሽበት ስለሚያነግሥ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይወሰድ። የሚወጣው ተክል ዓሣ እንዳይኖርበት ይራገፍ፤ ቀጥሎም ከውኃ በራቀ ስፍራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ፈጽሞ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ወደ ቦይ፣ ወደ ጅረት ወይም ወደ ወንዝ ዳር መጣል ግን ክልክል ነው።

ተክሉን በኬሚካል መርዝ ማጥፋትም አይገባም። በአንድ ጊዜ የሞተ ብዙ ተክል በአንድ ጊዜ ይበሰብሳል፤ የሚበሰብሰውም ያለውን አየር ሁሉ ይጨርሳል።

ስለ ወባም አንድ ነገር ልብ ይባል። የወባ ትንኝ ዕጭ የሚሸሸገው በኩሬው ዳር በተጠጋጋ አረምና ረግቶ በቆመ ውኃ ነው። ዳር ዳሩ በየሳምንቱ ከታጨደና ዓሣው እስከ ዳር መዋኘት ከቻለ ብዙውን ዕጭ ይበላዋል። ዓሣ የሌለበትና አረም የዋጠው ኩሬ ግን የትንኝ ማሳደጊያ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሊጠብቀው ካልቻለ ይድፈነው። ሕፃናት ባሉበት ግቢም ኩሬ ያለ አጥር አይተው።

አደጋ ሲመጣ ምልክቱ አይሰወርም፤ ዓሦቹ ሊነጋ ሲል ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ይህን ያየ ሰው እንደ እኔ ቆሞ አይይ። ከኩሬው በባልዲ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፍስሰው፤ የሚወርደው ውኃ አየር ይዞ ይገባልና። ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ ይህን ሳያቋርጥ ያድርግ፤ በዚያም ቀን መኖ አይስጥ። ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት ተክሉን ወደ ሲሶው ይመልሰው፤ የበሰበሰውንም ይጥረግ።

ለሹማምንት ማሳሰቢያ

እንግዲህ በየወረዳው ያላችሁ የሥራ ኃላፊዎች ሦስት ነገር እንድታደርጉ አደራ እንላለን። አንደኛ፣ በግዛታችሁ ያሉትን የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ኩሬዎች ከክረምት በፊት በሰኔ ወር ዞራችሁ ተመልከቱ፤ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ከተገኘ ሳያፈራ ከነሥሩ ተነቅሎ ደርቆ ይቃጠል፤ ለወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤትም ይነገር። ሁለተኛ፣ ጎርፍ የሚደርስበት ኩሬ ዙሪያውን ሁለት ስንዝር የሚያህል ክትር ይደረግለት፤ የሚፈስበትም በኩል በመረብ ይከለል። ሦስተኛ፣ በወንዝ ዳር ያደጉትን አጥማጆች ጠይቁ። እኔ በመጽሐፍ ያላገኘሁትን ከአንድ ሽማግሌ አግኝቻለሁና።

በኒውላንድ ያለው ኩሬ ዛሬ የሌላ ተከራይ ነው። ስለቅ ኩሬውን ሳስረክበው የሴራቶፊሉሙን ሲሶ በጣቴ አሳይቼው፣ ክትሩንም አዙሬ አስጎብኝቼው ነበር። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደዚያ ስመለስ ማልጄ ሄጄ አየሁት። ገና ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ከውኃው ፊት ላይ አፉን የከፈተ አንድም ዓሣ አልነበረም።